ውሃን በምን እንሻገር? ስለ መንሳፈፊያ ምርጫ አጭር መግለጫ

ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ወንዞች፣ ጨሞጋም ቢሆን ሙጋም ቢሆን ሱሃም ቢሆን፣ ማረፊያቸው ዐባይ ነው። በበጋ እረኛ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ የሚሻገራቸው እነዚሁ ወንዞች ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ በሬን ከነቀንበሩ የሚወስዱ ይሆናሉ። ከደጀን ተነሥቶ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የሚሄድ መንገደኛ ድልድይ ስለ ተሠራለት ይህን ነገር ልብ አይለውም። ከአስፋልቱ ወርዶ ጥቂት ሰዓት በእግሩ የተጓዘ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው ከወዲያ ማዶ የሆነበት ወገናችን ብዙ ነው።

ስለ ወንዝ መሻገር በተማሪዎች መካከል ጨዋታ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወሬው ስለ ጀግንነት ይሆናል። እገሌ ዋና ያውቃል፣ እገሌ ሙላት አይፈራም ይባላል። ውሃ ግን እያሳሳቀ የሚወስድ ነውና ለጀግናና ለፈሪ አያደላም። ሰውን የሚያሻግረው ወይም የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ድፍረቱ ሳይሆን የያዘው ነገር፣ ይኸውም በትክክል የተመረጠ ወይም ያለ ቦታው የተወሰደ መንሳፈፊያ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አባቶቻችን የተጠቀሙባቸውን የመሻገሪያ ዐይነቶች፣ እንዲሁም በሌላው ዓለም ለጨዋታ የተሠራውን በገመድ የሚጎተት ጣውላ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ አመራረጣቸው በምን ሕግ እንደሚመራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ማንም ሰው መንሳፈፊያ ከመምረጡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ራሱን መጠየቅ አለበት። አንደኛ፣ የምሸከመው ክብደት ምን ያህል ነው? ሁለተኛ፣ ውሃው የቆመ ነው ወይስ የሚሮጥ? ሦስተኛ፣ የሚያንቀሳቅሰኝ ኀይል ከየት ይመጣል? ከክንዴ ነው፣ ከመቅዘፊያ ነው፣ ወይስ ከገመድ? እነዚህን ሦስቱን ያልመለሰ ሰው ዕቃው ምንም ያማረ ቢሆን የመረጠ አይባልም።

ሀ. የመንሳፈፍ ሕግ

አርኪሜዲስ የተባለው የግሪክ ሊቅ እንዳስተማረው፣ በውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ከቦታው ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንግዲህ 50 ሊትር ቦታ የሚይዝ በአየር የተነፋ ስልቻ ሙሉ በሙሉ ወደ ውሃ ቢጫን 50 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። የስልቻው የራሱ ክብደት ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

የሰው ገላ ደግሞ ሳንባው አየር ሲሞላ ክብደቱ ከውሃ ክብደት ጋር የተቀራረበ ነው። ሰው የሚሰጥመው ገላው እንደ ድንጋይ ስለሚከብድ ሳይሆን አፍና አፍንጫው ከውሃው በላይ ሊቆይለት ስላልቻለ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዋናተኛ ከ5 እስከ 10 ሊትር አየር የያዘ ቅል እንኳ ትልቅ ርዳታ ነው። የቅሉ አፍ በደንብ መደፈን አለበት፤ ስልቻም ከሆነ ስፌቱና እግሩ የታሠረበት ቦታ ከዋዜማው ጀምሮ በውሃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ ማውጣት አለማውጣቱ መታየት ይገባዋል።

የሚታሠርበትም ቦታ ከዕቃው እኩል ያስፈልጋል። መንሳፈፊያ በደረትና በብብት ሥር ሲታሠር ራስን ወደ ላይ ያቆማል። በወገብ ወይም ከዚያ በታች ሲታሠር ግን ዳሌን ወደ ላይ አንሥቶ ራስን ወደ ታች ይደፋል። አንዱ ዕቃ ሁለት ዐይነት ውጤት የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሚሮጥ ውሃ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። የወንዙ ስፋት 40 ሜትር ነው እንበል። ሰውየው በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢዋኝ ለመሻገር 80 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ውሃው በሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚሮጥ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ 120 ሜትር ወደ ታች ይወስደዋል። ስለዚህ ሰውየው የሚወጣበት ቦታ ከገባበት ፊት ለፊት ያለው አይደለም፤ ከዚያ 120 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። በዚያ ቦታ ገደል ወይም ፏፏቴ ቢኖር ስልቻው ምንም ደኅና ቢሆን አያድነውም። እንግዲህ ለሚሮጥ ውሃ መንሳፈፊያ ከመምረጥ በፊት መውጫን መምረጥ ይቀድማል። መውጫ የሌለው ሙላት እስኪጎድል መጠበቅ ፍርሃት ሳይሆን ሒሳብ ማወቅ ነው።

ለ. ታንኳ

ሸክም ላለው ሰውና ለቆመ ውሃ ከሁሉ የሚሻለው የአገራችን ሥራ የጣና ታንኳ ነው። የሚሠራውም ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ያለው ሆኖ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። አገዳው ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እየታሠረና እየተጠፈረ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ያለ ታንኳ ይሆናል። በዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት በጣና ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

ታንኳ ከጣውላና ከብረት ጀልባ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ጀልባ የሚንሳፈፈው ጎድጓዳ ስለ ሆነ ነው፤ ቢቀደድ ወይም ማዕበል ቢሞላበት ይሰጥማል። ታንኳ ግን አየሩን የሚይዘው በእያንዳንዱ አገዳ ውስጥ ስለ ሆነ ውሃ ቢረጭበት እንኳ በአንድ ጊዜ አይሰጥምም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለ ታንኳ ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ አውጥቶ ለፀሐይ ይሰጠዋል።

ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቁጥር እንመልከተው። አንድ ታንኳ 400 ሊትር ቦታ የሚይዝ ሲሆን በደረቁ 80 ኪሎ ይመዝናል ብለን እናስብ። ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ክብደት 320 ኪሎ ነው። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ እህል በድምሩ 200 ኪሎ ቢሆኑ 120 ኪሎ ትርፍ አለው። ነገር ግን ያው ታንኳ ሳይደርቅ ውሎ አድሮ 120 ኪሎ ውሃ ቢጠጣ ትርፉ ሁሉ አልቋል ማለት ነው። በዐይን ሲታይ የትናንቱ ታንኳ ነው፤ በሚዛን ግን የትናንቱ አይደለም። ስለዚህ ታንኳ የሚመርጥ ሰው ከአሠራሩ ማማር ይልቅ ድርቀቱን ይመርምር። በአውራ ጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሣው አገዳ ጤነኛ ነው፤ የሚላሽቀውና ውሃ የሚያወጣው ዘመኑን ጨርሷል። ማሠሪያው መላላቱን፣ ነዶዎቹ መለያየታቸውን፣ መቀመጫው ከታችኛው እርጥብ ነዶ ከፍ ማለቱንም ማየት ያስፈልጋል። ከተሳፈሩ በኋላ ደግሞ መቀመጥ እንጂ መቆም አይገባም። የሰው ክብደት ከፍ ባለ መጠን ታንኳው ለመገልበጥ ይቀልለዋል።

ደንገል ምን ያህል እንደሚችል ዓለም ያየው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 እና በ1970 ነው። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ስላመነ፣ ደንገሉን ከጣና ሐይቅ አስጭዶ አስወሰደ። «ራ» ብሎ የሰየማትን የመጀመሪያዋን መርከብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለ ሙያዎች በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ሠሩለት። መርከቧም በ1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ እየሰጠመ ስለ ሄደ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። ምክንያቱም የጥንቶቹ ግብፃውያን ቀና ያለውን የኋላ ክፍል ከመርከቡ ወለል ጋር ወጥሮ የሚይዝ ገመድ በሥዕላቸው ላይ አሳይተው ሳለ፣ ያ ገመድ በራ ላይ እንደሚገባው አለመኖሩ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች «ራ ሁለት»ን ሠሩ፤ እርስዋም በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የሁለቱም ደንገል የጣና ደንገል ነበር። ልዩነቱ በአሠራሩና በአጠፋፈሩ ነው። ከዚህ የምንማረው መንሳፈፊያ የሚመረጠው በተሠራበት ነገር ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ጭምር መሆኑን ነው።

ሆኖም ታንኳ ለሁሉ ቦታ አይሆንም። ለሐይቅና ለረጋ ውሃ የተፈጠረ ነው። ድንጋይ በበዛበት የዐባይ በረሃ ሙላት ላይ ቀላልነቱ ራሱ ጠላቱ ይሆናል፤ ማዕበሉ እንደ ገለባ ያንገላታዋልና።

ሐ. ገመድ

በሚሮጥ ውሃ ላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ በላዩ ማለፍ ይሻላል። የዚህ ምስክር በሞጣ በኩል ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ነው። ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በፈረንጆች 1660 ገደማ እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመካከሉ ተቈረጠ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት መንገደኛው ገመድ በገላው ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች ጉልበት በተሰበረው ክፍል ላይ እየተጎተተ ይሻገር ነበር።

ስለ ገመድ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ገመድ አጥብቆ በተወጠረ መጠን የበለጠ አስተማማኝ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በገመድ መካከል ቢንጠለጠል፣ ገመዱ ከአግድሙ 30 ዲግሪ ከረገበ በእያንዳንዱ ወገን የሚያርፍበት ጭነት 70 ኪሎ ነው። 10 ዲግሪ ብቻ ከረገበ ጭነቱ 200 ኪሎ ይሆናል። 5 ዲግሪ ብቻ ከረገበ ደግሞ 400 ኪሎ ይደርሳል። ይህም ማለት 20 ሜትር በሆነ ክፍተት ላይ መካከሉ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚረግብ ገመድ የሰውየውን ክብደት ስድስት እጥፍ ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ሰውየው ሲወዛወዝ የሚጨመረው ገና አልታሰበም። ቋጠሮ ያለበት ገመድ ደግሞ ጥንካሬው እስከ እኩሌታ ሊቀንስ ይችላል። እንግዲህ ገመድ የሚመርጥ ሰው የሰውን ክብደት ብቻ አስቦ ሳይሆን የአዘረጋጉን ስፋትና እርግበት፣ የቋጠሮውን ብዛት፣ በድንጋይ ጠርዝ ላይ የሚፋቅበትን ቦታ ሁሉ አስቦ መሆን አለበት።

መ. በገመድ የሚጎተት ጣውላ

አሁን ከችግር ወደ ጨዋታ እንሻገር። በፈረንጆች 1960ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር ብሩኖ ሪክስን የተባለ መሐንዲስ በሐይቅ ዙሪያ ምሰሶዎች አቁሞ፣ በላያቸው በሞተር የሚዞር የብረት ገመድ ዘርግቶ፣ ሰዎችን በውሃ ላይ የሚጎትት መሣሪያ ሠራ። አንዱ ሞተር በጀልባ ፈንታ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ይጎትታል። ዛሬ እንዲህ ያለው ሜዳ በጀርመን፣ በአሜሪካ፣ በፊሊፒንስና በሌሎችም አገሮች ይገኛል። ትልቁ ዐይነት አምስት ወይም ስድስት ምሰሶ ያለው ሲሆን ትንሹ በሁለት ምሰሶ መካከል ይመላለሳል። ተጫዋቹ እግሮቹን ዌክቦርድ በሚባል ጣውላ ላይ አሥሮ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል።

ይህን ጨዋታ እዚህ ያነሣንበት ምክንያት የሦስቱን ጥያቄዎች ጥቅም በግልጥ ስለሚያሳይ ነው። ጣውላው ርዝመቱ 140፣ ወርዱ 42 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውን በመንሳፈፍ ሊሸከም አይችልም። ገመዱ ሲቆም ሰውየው ይሰጥማል፤ የሚያድነው የለበሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ነው። ሲሄድ ግን ጣውላው ውሃውን ወደ ታች ስለሚገፋ ውሃው በምላሹ ጣውላውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ታንኳ በስፋቱ የሚያደርገውን ጣውላው በፍጥነቱ ያደርገዋል።

የጣውላው ምርጫም ከዚህ ይነሣል። መጀመሪያ ርዝመቱ በሰውየው ክብደት ይወሰናል። በግምት ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ከ130 እስከ 135፣ ከ60 እስከ 80 ለሆነ ከ136 እስከ 141፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 142 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ የሚበልጥ ይስማማዋል። በሁለቱ መካከል የወደቀ ጀማሪ ረዥሙን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሰፊ ጣውላ በዝግታም ቢሆን ይሸከማልና።

ሁለተኛ የጣውላው ጉብጠት ነው። ጫፎቹ እንደ ታንኳ ፊት ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው። ጉብጠቱ ጥቂትና ወጥ የሆነ ጣውላ በለስላሳ ይሄዳል፤ ፍጥነቱንም ይጠብቃል። ከመካከሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፎቹ ድንገት የሚነሡት ደግሞ ከማዕበል ላይ ከፍ ብሎ ለመዝለል ይመቻል፤ ነገር ግን ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ ይዘገያል። ከጀልባ ኋላ የሚጫወት ሰው ጀልባው የሚያስነሣው ማዕበል አለለትና ይህ ሁለተኛው ይጠቅመዋል። በምሰሶ ገመድ ላይ ግን ማዕበል የለም፤ ገመዱም ከላይ ስለሚመጣ ራሱ ሰውየውን ወደ ላይ ያነሣዋል። ስለዚህ ለጀማሪ ወጥ ጉብጠት ያለው ይመረጣል።

ሦስተኛ የታችኛው ፊቱ ነው። በገመድ ሜዳ ላይ ተጫዋቹ የሚንሸራተትባቸው ተንሳፋፊ መሰናክሎች ስላሉ ለጀልባ የተሠራ ስስ ፊት ያለው ጣውላ ቶሎ ይቧጨራል። ለገመድ የሚሠራው ታቹ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን ውስጡ ብዙ ጊዜ ቀላል እንጨት ነው፤ እንጨት ሲተጣጠፍ ከአረፋ ይልቅ ይታገሣልና። ከታች የሚሰኩት ትናንሽ ክንፎች ጀማሪውን ቀጥ አድርገው ይመሩታል፤ በመሰናክል ላይ መንሸራተት ሲጀምር ግን ያደናቅፉታልና የሚነቀሉ ቢሆኑ ይመረጣል። ጫማው ደግሞ እግርን አጥብቆ የማያሳምም፣ ተረከዝንም የማያስነሣ መሆን አለበት።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ጥንቃቄ የሚደረገው ለጨዋታ ነው። ሰውየው ቢወድቅ ሰደርያ ለብሷል፣ ውሃው የረጋ ነው፣ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ነገር ጉብጠቱ፣ ርዝመቱ፣ የታቹ ፊት ሳይቀር በሳንቲ ሜትር እየተለካ ሲመረጥ፣ ጋቢዋን ጠምጥማ ልጅ አዝላ ሙላት ለምትሻገር እናት ምርጫው በዕድል መተው አለበትን?

ሠ. መደምደሚያ

የሰባራ ድልድይ ታሪክ መልስ ይሰጠናል። በፈረንጆች 2000 መጨረሻ መንገደኛ በገመድ ሲጎተት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ወጣ። ያን ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 የተሰበረው ክፍል በብረት ተቀጠለ። በ2005 ግን ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሌላ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የመጀመሪያው ጥገና በመልካም ፈቃድ የተሠራ ነበር፤ ዐባይ ግን መልካም ፈቃድን ሳይሆን የጎርፉን ከፍታ ነው የሚያውቀው። ይህም ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ማለት የውሃውን ጠባይ፣ በሙሉ መመለስ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ ሁለት ሥራ ይወጣል። አንደኛው፣ ምሕንድስና የምንማረው ለፈተና የምናሰላውን የገመድ ውጥረት በየአገራችን ወንዝ ላይ ብናሰላው፣ የትኛው መሻገሪያ በየትኛው ወር አደገኛ እንደ ሆነ መዝግበን ለቀበሌውና ለትምህርት ቤቱ ብንሰጥ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ርዳታ ነው። ሁለተኛው፣ ባለ ሙያውን እየናቅን ሙያውን ማወደስ ማቆም አለብን። ስለ ጣና ታንኳ በመጻሕፍት ብዙ ሲባል፣ የሠሩት የወይጦ ሰዎች ግን ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና ላይ የታወቀው እምቦጭ የሐይቁን ዳር ሲወር የሚጎዳው ደግሞ የእነርሱኑ መተዳደሪያ ነው። የደንገልን ድርቀት በአውራ ጣቱ የሚያውቅ ሽማግሌ ከእኛ ላቦራቶሪ ያላነሰ ዕውቀት አለውና፣ ደብተር ይዘን አጠገቡ ብንቀመጥ የምንጠቀመው እኛ ነን።

ሸክሙን መመዘን፣ ውሃውን ማወቅ፣ ኀይሉን መለየት፤ ምርጫ ማለት ይኸው ነው። ክረምት ሲገባ ወደየአገራችን የምንሄድ ሁሉ ይህን ይዘን ብንሄድ፣ ቢያንስ አንዱ ሙላት አንዱን ሰው ሳይወስድ ይቀር ይሆናል።